ያረጀ የኩሽና ግድግዳ ሴራሚክ፦ ይታጠብ፣ ይቀባ፣ ይለጠፍበት ወይስ ይፈንቀል?

በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በወልድያ ቆየት ያለ ቤት ኩሽና ገብቶ የሚያውቅ ሰው ያንን ግድግዳ ያውቀዋል። ከዕቃ ማጠቢያው ጀርባ የተደረደረ ትንንሽ ሴራሚክ፣ እዚህም እዚያም የወይን ዘለላ ወይም የአበባ ሥዕል፣ በመካከሉ የጠቆረ መስመር፣ ከምድጃው በላይ ደግሞ ቢፈትጉት ቢፈትጉት የማይለቅ ቢጫ ቅባት። ዒድ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ፣ በጥር ሰርግ ሲታሰብ፣ «ይህን ግድግዳ ምን እናድርገው?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

መልሱ እንደ ተጠያቂው ነው። ቀለም ሻጩ ይቀባ ይላል። ስቲከር የሚሸጠው ይለጠፍበት ይላል። ግንበኛው ሁሉንም ፈንቅለን እንደ አዲስ እንሥራው ይላል። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም ያለውን ነው የሚሸጠው። ለዚህ ነው ወደ ሱቅ ከመውጣት በፊት የራስን መለኪያ መያዝ የሚያስፈልገው። ዋጋ በብር አልጻፍኩም፤ የሴራሚክና የሲሚንቶ ዋጋ ሲለዋወጥ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ከርሞ ያሳስታል። በምትኩ ወጪው ከምን ከምን እንደሚመጣና የትኛው ከየትኛው እንደሚከብድ አሳያለሁ።

ከዋጋ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው እሳቱ የት ነው የሚለው ነው። ግድግዳው ለዓይን አንድ ይምሰል እንጂ በሥራው ሦስት ነው። ከምድጃው ጀርባ ያለው ሙቀትና የወጥ ቅባት ይመታዋል። ከማጠቢያው ጀርባ ያለው ቀኑን ሙሉ ውሃ ይረጭበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ ከአቧራና ከእጅ አሻራ በቀር ብዙ ነገር አይደርስበትም። የኩሽና እድሳት የሚበላሸው በአብዛኛው ለሦስቱም አንድ ዓይነት ዕቃ ስለሚመረጥ ነው። ርካሹ ዕቃ ለመካከለኛው ክፍል በቂ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ የቆጠቡት ገንዘብ ከምድጃው ጀርባ ላለው ይውላል። «እኛ የምንጠቀመው የኤሌክትሪክ ስቶቭ ብቻ ነው» የሚል ሰው ካለ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በምን እንደሚያበስል ራሱን ይጠይቅ። ከሰልም ሆነ ጋዝ በኩሽናው ውስጥ የሚበራ ከሆነ ግድግዳው እሳት አለበት ተብሎ ይታሰብ። እንጀራው ውጭ ባለው ማድ ቤት የሚጋገር ከሆነ ግን የጭሱ ጣጣ በእጅጉ ይቀላል።

ሁለተኛው ከሴራሚኩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ብሎኬት ነው? ሸክላ ጡብ ነው? ወይስ በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ? በጭቃ ቤት ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ በፑንታና በመዶሻ ሲነካ ብቻውን አይወርድም፤ ልስኑንና ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። የአንድ ቀን ሥራ የመሰለው ነገር የግድግዳ ግንባታ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ቤቱ የማን ነው? ተከራይ ሲወጣ ይዞት የማይሄደውን ነገር በሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ማዋል የለበትም፤ ከዋለም በአከራዩ ፈቃድና ከኪራይ በሚታሰብ ስምምነት ይሁን።

አራተኛው ጠቅላላው ወጪ ነው። ሰው የሚያወዳድረው የካርቶን ዋጋ ነው፤ ኪሱን የሚያራቁተው ግን የሠራተኛው፣ የማጓጓዣው፣ የፍርስራሹ ማስወገጃና ኩሽናው ተዘግቶ ከውጭ የሚበላበት ቀን ነው።

የመጨረሻው የአየሩ ጠባይ ነው፤ ይህን ሻጭ አይነግርዎትም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ የሚገባበት ቀን አለ። ኮምቦልቻ ከሥሯ ሆና ከእርሷ ይልቅ ሞቃትና ደረቅ ናት። ቀለምም ሲሚንቶም በብርድና በእርጥበት ቀስ ብለው ነው የሚደርቁት። ማሸጊያው ላይ «በ24 ሰዓት ይደርቃል» የሚለው ጽሑፍ ለሐምሌ ደሴ አልተጻፈም። በኮምቦልቻ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ የመጋጠሚያ ሲሚንቶ ጥንካሬውን ሳያገኝ ውሃው ተንኖ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለደጋው ጊዜ ይጨመርለታል፣ ለሞቃቱ ውሃ ይረጭለታል።

ግድግዳውን መመርመር

ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ ይህ ስለሆነ አይዘለል። አንድ ሳንቲም ወይም የማንኪያ እጀታ ይዘው ሴራሚኩን አንድ በአንድ ያንኳኩ። በደንብ የተያዘው ደረቅና ጠጣር ድምፅ ይሰጣል፤ ከግድግዳው የተላቀቀው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ባዶ የሆኑትን በጠመኔ ምልክት ያድርጉባቸው። ከሃምሳ ሴራሚክ ሁለት ሦስቱ ብቻ ባዶ ከሆኑ እነሱን አውጥቶ መልሶ መለጠፍ ይበቃል። ከአሥሩ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት፣ በላዩ ላይ ክብደት የሚጨምር ማንኛውም አማራጭ ከዝርዝሩ ይውጣ።

ቀጥሎ ስንጥቁን ይዩ። አንድ ሴራሚክ ላይ ብቻ ያለ ስንጥቅ ድስት ወይም መዶሻ የመታው ነው። በርካታ ሴራሚኮችን አቋርጦ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ግን የግድግዳው ነው። ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች፣ የመሬት መንሸራተት የሚያውቃት ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ማቃለል አይገባም። አሮጌ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፦ በስንጥቁ ላይ፣ ከተቻለ ሴራሚክ በሌለበት በኩል፣ ጄሶ በስሱ ይለጥፉና ቀኑን ይጻፉበት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው፤ የኩሽናው ገንዘብ ለመሠረቱ ወይም ለጎርፍ መውረጃው ይዋል። በሚንቀሳቀስ ግድግዳ ላይ የሚቀመጥ አዲስ ሴራሚክ ውሎ አድሮ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው ምልክት እርጥበት ነው። በመጋጠሚያው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው እየወጣ ከሆነ፣ ወይም በማጠቢያው ዙሪያ ግድግዳው ሁልጊዜ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ፣ ከጀርባ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊኖር ይችላል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም ያብጣል፣ ስቲከር ይላቀቃል። መጀመሪያ ቧንቧው።

ከዚህ በኋላ ይለኩ። በመደርደሪያውና በላይኛው ቁም ሣጥን መካከል ያለው ቁመት ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 1.8 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። 25 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ አንዱ 0.1 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ስለዚህ 18 ፍሬ፣ ለሚሰበርና ለሚቆረጠው 10 በመቶ ሲጨመር 20 ፍሬ ገደማ ይበቃል። ይህን ቁጥር ይዞ የሄደ ሰው አምስት ካርቶን ግዛ ሲሉት አይደነግጥም።

አንደኛው አማራጭ፦ ማጽዳትና መጋጠሚያውን ማደስ

ሰዎች በጣም የሚንቁት አማራጭ ይህ ነው፤ እኔ ግን ሌላው ሁሉ ከመታሰቡ በፊት ይሞከር ባይ ነኝ። ዓይን የሚያስጠላው ብዙውን ጊዜ ሴራሚኩ ሳይሆን በመካከሉ ያለው መስመር ነው። የሴራሚክ ገጽ በእሳት የቀለጠ መስታወት መሰል ሽፋን ስላለው ቅባት አይጠጣም። በመጋጠሚያው ያለው ሲሚንቶ ግን ይጠጣል፤ የሃያ ዓመት የቁሌት ዘይትና የበርበሬ ቀለም እዚያ ነው የተቀመጠው።

ቅባቱን ለማስለቀቅ ሙቅ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ቤኪንግ ሶዳ በቂ ናቸው። ሶዳውን በጥቂት ውሃ ለውሶ ቅባቱ ላይ መቀባት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ ከዚያ በፕላስቲክ ብሩሽ መፈተግ ነው። የብረት ሽቦ ሴራሚኩን ይጭረዋል፤ የተጫረ ገጽ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቆሻሻ ይይዛል። ሎሚና አቼቶ ለመስታወት ጥሩ ቢሆኑም ሲሚንቶ ይበላሉ፤ ደጋግሞ በመጋጠሚያ ላይ ማዋል መስመሩን ይቦረቡረዋል። አንዳንድ ሠራተኞች የሚያመጡት አሲድ ይህንኑ በእጥፍ ያደርጋል፤ ጢሱም በጠባብ ኩሽና ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል፣ ማጠቢያውንም ያዝጋል። በረኪናና አቼቶ ወይም ሌላ አሲድ በአንድ ላይ በፍጹም አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ከጸዳ በኋላ መስመሩ አሁንም ከጠቆረ ወይም ከተቦረቦረ፣ አሮጌው ሲሚንቶ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይፋቅና በአዲስ ይሞላል። መፋቂያ መሣሪያ ካልተገኘ ጠንካራ ካተር ይሠራል፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። የሚሞላው ነገር ላይ ምርጫ አለ። ነጭ ሲሚንቶ ርካሽ ነው፣ በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁም ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል፣ ቶሎም ይቆሽሻል። ለዚሁ ተብሎ የሚዘጋጀው ግራውት ይወደዳል፤ ሆኖም ለ2 ካሬ ሜትር የሚያስፈልገው ጥቂት ኪሎ ስለሆነ ልዩነቱ በጠቅላላው ወጪ ላይ ብዙ አያሳምምም። መስመሩ ከ3 ሚሊ ሜትር የሚጠብ ከሆነ ያለ አሸዋ የተዘጋጀው፣ ከዚያ የሚሰፋ ከሆነ አሸዋ ያለበት ይመረጣል።

ቀለሙን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ ከምድጃ ጀርባ ነጭ አይሁን። ፈካ ያለ ግራጫ ወይም ቡናማ ለዓመታት ንጹሕ መስሎ ይቆያል። ነጭ መስመር በሁለተኛው ዶሮ ወጥ ቢጫ ይሆናል።

ግድግዳውና መደርደሪያው የሚገናኙበት ማዕዘን ግራውት አይሞላም፣ ሲሊኮን እንጂ። ሁለቱ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ሲሚንቶ እዚያ ሁልጊዜ ይሰነጠቃል፤ ውሃውም በዚያ ገብቶ ቁም ሣጥኑን ያበሰብሳል። ሥራው ሲያልቅ ቢያንስ አንድ ቀን፣ በክረምት ደሴ ሁለት ሦስት ቀን፣ ውሃ እንዳይነካው ይደረግ። በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ጧትና ማታ እርጥብ ስፖንጅ ማስነካት ይጠቅማል።

የወይን ዘለላው ሥዕል ነው የሚያናድድዎት? ሥዕል ያለባቸውን ብቻ አውጥቶ በነጠላ ቀለም ሴራሚክ መተካት ይቻላል። አሮጌው 15 በ15 ወይም 20 በ20 የሚባለው መጠን በሚሊ ሜትር ስለሚለያይ አንድ ናሙና ይዞ ደሴ ሰኞ ገበያ ድረስ መውረድ ነው። ልኩ ከተገኘ በጥቂት ፍሬ የኩሽናው መልክ ይቀየራል።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ቀለም መቀባት

ሴራሚክ መቀባት ይቻላል። ችግሩ ሰው ግድግዳ እንደሚቀባው አድርጎ መቀባቱ ነው። ተራ የፕላስቲክ ቀለም በዚያ ለስላሳ ገጽ ላይ የሚይዘው ነገር የለም፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በጥፍር ይላጣል። መቆየት ከተፈለገ ቅባቱ ጨርሶ ይለቅ፣ ገጹ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ይፈተግ፣ አቧራው ይጠረግ፣ ለለስላሳ ገጽ የሚሆን ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዝ የመጀመሪያ ቅብ) ይቀባ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀባ። ስድስት ሰዓት የሚፈጀው ማዘጋጀቱ ነው፤ መቀባቱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የቀን ሠራተኛ ሲቀጠር ግን የሚዘለለው ያ የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ አጠገቡ ይቁሙ።

ከቀለሞቹ ሁለት ምርጫ አለ። የዘይት ቀለም በቀላሉ ይገኛል፣ ይታጠባል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ነጩ ግን በኩሽና ውስጥ እያደር ቢጫ ይሆናል። ሁለት ቆርቆሮ ተደባልቆ የሚቀባው ኢፖክሲ ጠንካራ ነው፣ ውሃም ይችላል፤ ነገር ግን ከተደባለቀ በኋላ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደርቃል፣ ዋጋውም ይከብዳል፣ ሽታውም በር ተዘግቶ የሚቻል አይደለም። ሁለቱም ለመንካት ቢደርቁም ሙሉ ጥንካሬ ለማግኘት አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለቅዳሜ ሰርግ ሐሙስ አይቀባም።

በመካከለኛው ክፍል ቀለም በደንብ ያገለግላል። ከማጠቢያው ጀርባ በኢፖክሲ ከሆነ ይሄዳል። ከጋዝ ወይም ከከሰል እሳት አጠገብ ግን ይበላሻል። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሞ ይታወቅ፦ አንዴ የተቀባ ሴራሚክ ወደ ነበረበት ለመመለስ ከባድ ነው። ቀለሙ መላጥ ከጀመረ በየሁለት ሦስት ዓመቱ መቀባት ነው።

ሦስተኛው አማራጭ፦ ተለጣፊ ስቲከር

ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ማታ ያልቃል። እብነ በረድ፣ ጡብ፣ እንጨት መስሎ ይመጣል። ለተከራይ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፣ ሲወጣ ይላጠዋልና።

ግን አብዛኛው የሚሠራው ከፕላስቲክ ነው። ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ እሳት ይይዘዋል፣ ሲቃጠል የሚያወጣውም ጢስ ጎጂ ነው። ፎም ያለበት ወፍራሙ ዓይነት ደግሞ የባሰ ነው። «ሙቀት ይችላል» የሚለው የሱቅ ንግግር ሙቅ ድስት አጠገቡ ይቀመጣል ማለት እንጂ የእሳት ነበልባል ይነካዋል ማለት አይደለም። ከምድጃው ጀርባ ስቲከር ለጥፈው ያማረበትን ፎቶግራፍ የሚያሳዩ ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ያለውን ፎቶግራፍ አያሳዩም።

ሲለጠፍ ቅባት የቀረበት ቦታ አይይዝም። ሻካራ ወይም ጎርባጣ ሴራሚክ ላይም አይይዝም። ስሱ ዓይነት ከሥሩ ያለውን የመጋጠሚያ መስመር ያሳያል፤ መስመሩ መጀመሪያ ሞልቶ ቢስተካከል ይሻላል። ጠርዙ በማጠቢያው በኩል በሲሊኮን ይዘጋ፤ ውሃ የሚገባው በጠርዝ ነው።

ከምድጃው ጀርባ ብቻ፦ ላሜራ

ይህ ራሱን የቻለ አማራጭ ሳይሆን የሌሎቹ አጋር ነው። የማይዝግ ብረት ላሜራ፣ ምድጃውን የሚያክል ስፋት፣ ቁመቱ እስከ ላይኛው ቁም ሣጥን፣ ጠርዙ ታጥፎ ወደ ኋላ የተመለሰ። የደሴና የኮምቦልቻ ብረታ ብረት ቤቶች ልኩን ከሰጧቸው ይቆርጡታል፣ ያጥፉታል፣ ለአራት ብሎን ይበሱታል። ሙቀት አያስፈራውም፣ በሳሙና ይታጠባል። አሉሚኒየም ይረክሳል ግን ይጎረብጣል፣ ሶዳም ያጠቁረዋል። ስስ የቆርቆሮ ላሜራ ኩሽና ውስጥ ይዝጋል፤ አይገዛ።

ከአንድ ካሬ ሜትር በታች ስለሆነ ወጪው የሚቻል ነው፤ አስቸጋሪውን ክፍል ከመፍታቱም በላይ ለቀረው ግድግዳ ርካሽ ነገር የመምረጥ ነፃነት ይሰጣል። ትንሽ ምግብ ቤት ላለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት የምመክረው ይህንን ነው።

ስለ ፒቪሲ ፓኔልና ስለ መስታወትም ይጠየቃል። ፓኔሉ የስቲከር ዘመድ ነው፤ ከእሳት ይራቅ። መስታወት ያምራል፣ ግን ከምድጃ ጀርባ የሚቀመጠው በሙቀት የተጠናከረው ዓይነት መሆን አለበት፤ ያ ደግሞ በልክ ታዝዞ ስለሚመጣ የቁጠባ ነገር አይደለም።

አራተኛው አማራጭ፦ ሴራሚክ በሴራሚክ ላይ

አሮጌው ሳይነካ አዲሱ በላዩ ይለጠፋል። አቧራ የለም፣ ፍርስራሽ የለም፣ የጭቃ ግድግዳም አይናጋም። ሲሳካ ከአዲስ ሥራ አይለይም።

የሚሳካው ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። አሮጌው ሴራሚክ በሳንቲሙ ምርመራ ያለፈ መሆን አለበት፤ አዲሱ በካሬ ሜትር ከ10 ኪሎ በላይ ክብደት ይጨምርበታልና። የቀድሞው ገጽ በግራይንደር ይጫር። ማጣበቂያው ደግሞ ተራ ሲሚንቶ በውሃ የተበጠበጠው አይሁን፤ እርሱ በለስላሳ ገጽ ላይ አይይዝም። ለዚህ የሚሆነው ፖሊመር ያለበት የሴራሚክ ማጣበቂያ ነው፤ በከረጢቱ ላይ በአሮጌ ሴራሚክ ላይ እንደሚሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ ወይም ሲ2 (C2) የሚል ደረጃ ይፈለግ። ግንበኛው «በሲሚንቶ እይዘዋለሁ» ካለዎት ሌላ ግንበኛ ይፈልጉ።

ግድግዳው ወደ ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ፊት መውጣት አለባቸው፤ ለዚህም መብራቱ ከቆጣሪው ጠፍቶ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። ከግድግዳ የሚወጣ ቧንቧ ካለ ማራዘሚያ ይፈልጋል። የሴራሚኩ ጠርዝ የሚያልቅበት ቦታም ይታያል፤ የአሉሚኒየም ጠርዝ አብሮ ካልተገዛ ሥራው ያላለቀ ይመስላል።

አምስተኛው አማራጭ፦ ፈንቅሎ እንደ አዲስ

ባዶ ድምፅ የበዛበት፣ ከጀርባው ቧንቧ የሚፈስበት፣ ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩ መለወጥ ያለበት ግድግዳ ሌላ መፍትሔ የለውም። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ግን ለመልክ ብቻ ሲባል መፈንቀል ለአነስተኛ በጀት አይመከርም።

ወጪው እየተንከባለለ ነው የሚያድገው። ሴራሚኩ ልስኑን ይዞ ይወርዳል፤ ግድግዳው እንደገና ይለሰናል፤ ጭቃ ከሆነ የዶሮ ሽቦ ተመትቶበት ነው የሚለሰነው። ፍርስራሹ በጆንያ ተሸክሞ ይወጣል፤ በደሴ አቀበት ላይ መኪና ለማይገባበት ሰፈር ይህ ብቻውን የአንድ ሰው የቀን ሥራ ነው። የሲሚንቶ ልስን ሙሉ ጥንካሬ የሚያገኘው በ28 ቀን ነው፤ ቸኩለውም ቢሆን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሴራሚክ አይለጠፍበት። ሲፈነቀል የሚነሣው አቧራ ለሳንባ ክፉ ስለሆነ ጭንብል ይደረግ፣ ዕቃው ይሸፈን፣ ሕፃናት ከቤት ይውጡ። ከግድግዳው ውስጥ ያለፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ መኖሩም አይረሳ።

አዲሱ ሴራሚክ ሲለጠፍ አንድ የዕቃ ጠባይ ማወቅ ጠቃሚ ነው። ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ውሃ ይጠጣል፤ በሞልታ (በአሸዋና በሲሚንቶ ቡኮ) ሲለጠፍ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ አለዚያ የሞልታውን ውሃ ይመጠውና ይላቀቃል። ፖርስሊን ግን ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ በተራ ሲሚንቶ አይያዝምና ማጣበቂያ ይፈልጋል። ለኩሽና ግድግዳ ፖርስሊን መግዛት ትርፍ ወጪ ነው፤ ማንም አይራመድበትም።

መቆጠብ ለሚፈልግ መካከለኛ መንገድ አለ። ከተፈነቀለ በኋላ ከምድጃውና ከማጠቢያው ጀርባ ብቻ ሴራሚክ ይደረግ፣ በመካከል ያለው ግን በሊሾ ለስልሶ ልስኑ ሲደርቅ በዘይት ቀለም ይቀባ። የሴራሚኩ ስፋት በግማሽ ይቀንሳል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ወጪ | ኩሽናው የሚዘጋበት ጊዜ | ከምድጃ ጀርባ | ከማጠቢያ ጀርባ | ለተከራይ |
|---|---|---|---|---|---|
| ማጽዳትና መጋጠሚያ ማደስ | በጣም ዝቅተኛ | ከ1 እስከ 3 ቀን | ይሆናል | ይሆናል | ይሆናል |
| የዘይት ቀለም | ዝቅተኛ | አንድ ሳምንት ገደማ | አይሆንም | ደካማ | በፈቃድ |
| ኢፖክሲ ቀለም | መካከለኛ | አንድ ሳምንት ገደማ | እሳት ካለ አይሆንም | ይሆናል | በፈቃድ |
| ስቲከር | ዝቅተኛ | ግማሽ ቀን | በፍጹም | ጠርዙ ከተዘጋ | በጣም ተስማሚ |
| የማይዝግ ብረት ላሜራ | መካከለኛ | ጥቂት ሰዓት | በጣም ተስማሚ | ይሆናል | ተነቅሎ ይወሰዳል |
| ሴራሚክ በሴራሚክ ላይ | ከፍ ያለ | ከ3 እስከ 5 ቀን | ይሆናል | ይሆናል | አይመከርም |
| ፈንቅሎ አዲስ | ከሁሉ የሚበልጥ | ከሦስት ሳምንት በላይ | ይሆናል | ይሆናል | አይሆንም |

ለማን የትኛው?

ተከራይ ከሆኑ፦ በሶዳ ያጽዱ፣ በመካከለኛው ክፍል ስቲከር ይለጥፉ፣ ከምድጃው ጀርባ በብሎን የሚታሰር ላሜራ ያድርጉ። ላሜራው የእርስዎ ነው፣ ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ብሎኑን ለመብሳት ብቻ አከራዩን ያስፈቅዱ።

ቤቱ የራስዎ ሆኖ ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ መጋጠሚያውን አድሰው ሥዕል ያለባቸውን ጥቂት ሴራሚኮች ይለውጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሌላውን ሐሳብ ይተወዋል።

ሰርግ ወይም በዓል በሁለት ሳምንት ውስጥ ካለ መፈንቀል አይታሰብ። ግራውትና ላሜራ በሁለት ቀን ያልቃሉ። ቀለም ከተፈለገ ዛሬውኑ ይጀመር፤ ክረምት ከሆነና ቤቱ ደሴ ከሆነ ግን ይቅር።

ቤቱን ሊያከራዩ ወይም ሊሸጡ ያሰቡ፦ ንጹሕ መስመርና ነጠላ ቀለም ይበቃል። ገዢ የራሱን ምርጫ ያደርጋል፤ ለእርሱ ብለው ሴራሚክ አይምረጡ።

ለረጅም ዓመት የሚኖሩበት ቤት ሆኖ ግድግዳው ጤነኛ ከሆነ ሴራሚክ በሴራሚክ ላይ የገንዘቡን ዋጋ ይሰጣል። ግድግዳው ታማሚ ከሆነ ገንዘብ እስኪጠራቀም ድረስ በማጽዳት ይቆይና አንዴ በደንብ ይፈንቀል። እስከዚያው ድረስ ለቀለምና ለስቲከር የሚወጣው ብር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ሲገዙና ሲያሠሩ

ከሠራተኛ ጋር ሲስማሙ በቀን ሳይሆን በካሬ ወይም በቁርጥ ይሁን። ለ2 ካሬ ሜትር በካሬ የሚሠራ ጥሩ ባለሙያ ላይገኝ ይችላል፤ ሥራው አነስተኛ ስለሆነ አይመቸውም። ያኔ ቁርጥ ዋጋ ይነጋገሩ፣ መፋቅ፣ ማጽዳት፣ ፍርስራሽ ማውጣትና ሲሊኮን በዋጋው ውስጥ መሆናቸውን አስቀድመው ያስረግጡ። ክፍያው በሁለት ይከፈል፤ ሁለተኛው ግራውቱ ደርቆ በሳንቲም ከተንኳኳ በኋላ።

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደሴ የሚገባ ሴራሚክ መንገድ ላይ ይሰበራል፤ ወልድያና ላሊበላ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ካርቶኑ ሱቁ ውስጥ ይከፈት፣ ፍሬው ይቆጠር፣ ጫፉ የተሸረፈው ይመለስ። ሲጫን ተኝቶ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ ይጫን። በካርቶኑ ላይ ከመጠኑ ሌላ የቀለም ቃና ቁጥር ይታተማል፤ የአንድ ሞዴል ሁለት ካርቶን ቁጥራቸው ከተለያየ ግድግዳው ላይ ልዩነቱ ይታያል። ሁሉም ካርቶን አንድ ቁጥር መሆኑን አይተው ይክፈሉ፤ ከሥራው የሚተርፉትን ሦስት አራት ፍሬዎችም ቁጥሩ ከተጻፈበት የካርቶን ቁራጭ ጋር ያስቀምጡ።